«ባዶ እጁን መጣ» ከማለት በፊት፦ የጎንደርን የቤተሰብ ንግድ ታሪክ እንዴት እንጻፍ

ሥራውን ከመሥራቹ አትጀምሩ። ከየመን፣ ከሱዳን፣ ከጣሊያን ወይም ከግሪክ በመጣ ሰው የተከፈተ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ታሪካቸውን ሲያወሩ «አያታችን ባዶ እጁን መጥቶ…» ብለው ይነሣሉ። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚጽፍ ሰው የሚጨብጠው ነገር ስለሌለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆማል። ከዘንድሮው ንግድ ፈቃድ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግን አንዱ ወረቀት ሌላውን እየጠራለት ይዘልቃል፤ ፈቃዱ የቀድሞውን ባለፈቃድ ስም፣ ስሙ የውርስ ፋይሉን፣ የውርስ ፋይሉ ቤቱን፣ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድ አያትን ሳይሆን ሴት አያትን ይጠራል። ለምን እንደሆነ ቤቱ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሁለት ሰዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሠሩ የአንድ ሱቅ ታሪክ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ከመስቀል በኋላ መጀመር ይመረጣል። በክረምት የታሸገ ሳጥን መክፈት ማለት እርጥበቱን ወደ ወረቀቱ መጋበዝ ነው፤ ያረጀ ወረቀት ደግሞ እርጥብ ሲሆን ገጽ ከገጽ ይጣበቃል።

ሳጥኑ ሲከፈት

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አንድ እሽግ ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ሃያ ያህል ካኪ ፖስታ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ አዲስ ብሩሽ፣ 2ቢ እርሳስ፣ የታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ ፍላሽና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አይቅረብ። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ እስክሪብቶ የ1940ዎቹን ደረሰኝ የዛሬ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ማንኛውንም ነገር ከቦታው ሳታነሡ ሳጥኑን፣ መሳቢያውን ወይም ካዝናውን እንዳለ ፎቶ አንሡት። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና በኋላ ይቆጨዋል። ፎቶግራፉ ከየትኛው ደብተር ውስጥ እንደወጣ፣ ደረሰኙ ከየትኛው ካርኒ ጋር እንደታሰረ የሚታወቀው በዚያች አንድ ፎቶ ነው። በገመድ የታሰረ ጥቅል በገመዱ ይቆይ፤ ፈትታችሁ ካነበባችሁት መልሳችሁ በዚያው ቅደም ተከተል እሰሩት። በዓመተ ምሕረት ላስተካክለው ማለት የሚመጣው በኋላ፣ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ነው።

አቧራውን ከመሃል ወደ ጠርዝ በብሩሽ ጥረጉ። የዛገ ስፒልና አግራፍ በጥፍር አይነቀልም፤ ከወረቀቱና ከብረቱ መሃል ቀጭን ካርቶን አስገብታችሁ የአግራፉን እግር ቀጥ አድርጉና ከፊት በኩል ስባችሁ አውጡት። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ። ስኮች በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ይሆንና ሙጫው ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ላሚኔት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ የአያትን ፈቃድ ላሚኔት ማስደረግ ክብር መስጠት ይመስላል፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ግን ሰነዱ ሳይጎዳ አይላቀቅም፣ ውስጡ የቀረው እርጥበትም መውጫ የለውም። ካኪ ፖስታ ውስጥ፣ በየመሃሉ ነጭ ወረቀት ጣልቃ አስገብቶ ማስቀመጥ ይበልጣል።

ብል ወይም ሌላ ተባይ ካያችሁ ዱቄት መድኃኒት አትበትኑ፤ ወረቀቱንም ያበላሻል፣ የሚያገላብጠውንም ሰው ያስላል። ደብተሩን በሁለት ፌስታል አየሩን እያስወጣችሁ አሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ፌስታሉን ሳትፈቱ አንድ ቀን ሙሉ ይደር፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና በረዶው ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ተባዩ በሚሞቅበት ሰዓት ነፍስ ይዘራልና። ፎቶግራፎችን ግን ፍሪዘር አታስገቡ።

ኮፒ ስታነሡ በመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ሥሩ። ስካነር ካገኛችሁ ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ፣ ለፎቶግራፍ 600 ዲፒአይ ይበቃል። ባዶውን ጀርባም አንሡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የተከፈለው ሂሳብ፣ በእርሳስ የተጫረ ስም ያለው እዚያ ነው። ለፋይሉ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ ቀን፣ ዓይነትና ተራ ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ «1961-03-12 ደረሰኝ 004»። ዓመቱ ካልታወቀ «0000» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትገምቱ። በሙቀት የሚታተመው የዘመኑ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በጥቂት ዓመት ነጭ ወረቀት ሆኖ ስለሚቀር ከሁሉ በፊት እሱ ይነሣ፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ታሪክ እሱ ነው።

ቁጥሩ ያልሆነውን ሲመስል

በዚህ ሥራ ብዙ ስሕተት የሚወለደው ከንባብ ነው። ሦስት ነገር ያሳስታል፦ አኃዙ፣ ቀኑና ገንዘቡ።

በአረብኛ አኃዝ የተጻፈ የዱቤ ደብተር ላይ አምስት ክብ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ። ስለዚህ ክብና ነጥብ ጎን ለጎን ካያችሁ ሃምሳ ነው፤ የማያውቅ ሰው «ዜሮ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለትና ሦስት በጥርሳቸው ብዛት ብቻ ይለያያሉ፤ የቸኮለ እጅ ጥርሱን ያጠፋዋል። መፍትሔው የገጹን ድምር ማየት ነው፤ ነጋዴው ከታች ከደመረ የተጠራጠራችሁበትን ቁጥር ድምሩ ይነግራችኋል። የጣሊያን እጅ ጽሑፍ ላይ አንድ ቁጥር ረጅም አፍንጫ ስላለው ሰባትን ይመስላል፣ እውነተኛው ሰባት ግን ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው። ሳንቲሙን የሚለየው ነጥብ ሳይሆን ኮማ ነው፤ «1.250» ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። የሀገራችን የድሮ ጸሐፊ ደግሞ በግዕዝ አኃዝ ሊጽፍ ይችላል፤ ፲፱፻፴፱ን 1939 ብሎ ለማንበብ ፻ በመቶ እንደሚያባዛ ማወቅ ይበቃል።

«12-3-55» የሚል ደረሰኝ አገኛችሁ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 1955 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ማርች 12 ቀን 1955፣ ማለትም መጋቢት 3 ቀን 1947 ነው። በሁለቱ መሃል ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ አንድ ንግድ ተከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ለመለየት እነዚህን ፈልጉ፦

- ወሩ 13 ከሆነ የእኛው ነው፤ ጳጉሜን ያለን እኛ ነን። ቀኑ 31 ከሆነ የእኛ ሊሆን አይችልም።
- ማኅተሙ «በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ካለ ከአብዮቱ ወዲህ፤ «ሰሜን ጎንደር» ካለ ከ1980ዎቹ ወዲህ።
- በ058 የሚጀምር ስልክ የታተመበት ካርኒ ከ1998 በፊት አልታተመም። «ተጨማሪ እሴት ታክስ» የሚል ዓምድ ያለው ከ1995 በፊት አይደለም።
- ጣሊያንኛ ወረቀት ላይ ከዓመቱ ጎን በሮማን አኃዝ ሌላ ቁጥር ካለ የፋሺስት ዘመን ቁጥር ነው፤ የሚቆጠረው እንደ ፈረንጅ ከጥቅምት 28 ቀን 1922 ነው። አሥራ ስድስተኛ ዓመት ማለት ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 ነው።

የሂጅራ ዓመት ከገጠማችሁ በ0.97 አባዙትና 622 ደምሩበት፤ የፈረንጁን ዓመት በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ታገኙታላችሁ። 1355 ሂጅራ ወደ 1936 ይመጣል፤ ይኸውም ጣሊያን ጎንደር የገባበት፣ በእኛ 1928 ነው። ለቀንና ለወር ግን ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ሽማግሌ «ዘመነ ሉቃስ ነበር» ካሏችሁም ዋጋ አለው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ብቻውን አያስርም፤ ሁለት ግምት መሃል ስትዋልሉ ግን ይፈርዳል።

ገንዘቡ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። በወረራው ዘመን ሊሬና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ከ1933 በኋላ የእንግሊዝ ጦር ያመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ በ1937 ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ። ስለዚህ በ1935 ደብተር ላይ «ሽልንግ» ካለ ያ ገንዘብ ነው፤ በ1950ዎቹ ደብተር ላይ «ሽልንግ» ካለ ግን 50 ሳንቲም ማለት ነው፤ ስሙኒ 25 ሳንቲም እንደሆነ ሁሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የድሮ የንግድ ደብዳቤ «ዶላር» ሲል ደግሞ አትደንግጡ። ብሩ በእንግሊዝኛ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። «አያታችን በዶላር ይነግድ ነበር» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው።

የድሮውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ብር ለመለወጥ አትሞክሩ። ማንም አያምናችሁም፤ ልክም አይሆንም። በዚያው ደብተር፣ በዚያው ወር ያ ገንዘብ ምን ይገዛ እንደነበር ጻፉ፦ ስንት ክንድ አቡጀዲ፣ ስንት ኪሎ ስኳር፣ ስንት ጣሳ ላምባ፤ ያ ለማንኛውም አንባቢ ይገባዋል። ፈረሱላ ከመጣ ለቡና 17 ኪሎ ግድም ነው።

ስሙ አንድ፣ አጻጻፉ ሰባት

መዝገብ ቤት ሄዳችሁ «የለም» የምትባሉት ብዙ ጊዜ ፋይሉ ጠፍቶ አይደለም፤ በሌላ ፊደል ስለገባ ነው። ሷሊህ፣ ሳልህ፣ ሷልሕ፣ ሳሌህ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ጁሴፔ «ዮሴፍ» ተብሎ፣ ዮርጎስ «ጊዮርጊስ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የመጣበት ቤተሰብ ስም ደግሞ በእኛ አጠራር ቦታ የለውም፤ የእኛ ጸሐፊ የሚጠይቀው የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ስለዚህ በትውልድ አገሩ በጎሣ ወይም በቤተሰብ መጠሪያው የሚታወቅ ሰው እዚህ በአባቱ ስም ተመዝግቦ፣ የልጅ ልጁ ላይ ደግሞ የእሱ ስም የአያት ስም ሆኖ ይገኛል።

ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የስሙን አጻጻፍ ሁሉ ዘርዝሩ፤ በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ እየለዋወጣችሁ። ሰፈሩ የሚጠራበትን ቅጽል ጨምሩ፤ ሼህ፣ ሀጂ፣ ሙሴ፣ ባሻ፣ «ዓረቡ»፣ «ጥሊያኑ»። የክስ ፋይሎች ውስጥ «በተለምዶ እገሌ የሚባለው» የሚል ሐረግ ስለሚገባ ቅጽሉ ከስሙ ይልቅ ቶሎ የሚያደርስበት ጊዜ አለ።

ቤቱ በማን ስም ነበር?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ዜግነት ያልወሰደ ነጋዴ እንግዲህ ምን ያደርጋል? ይከራያል፤ ወይም የአገሩ ልጅ ያገባና ቤቱ በሚስቱ ስም ይሆናል። የሱቁ ሰሌዳ ላይ የእሱ ስም ተጽፎ፣ የግብር ደረሰኙም በእሱ ስም ተቆርጦ፣ የቦታው ደብተር ግን በእሷ ስም ያለ ቤት ያጋጥማችኋል። ፍለጋውን በእሱ ስም ብቻ ያደረገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ የሴት አያትን ስም፣ የአባቷን ስምና የመጣችበትን አገር በተለየ ወረቀት ያዙ። ስሟን ማንም ካላስታወሰው ከተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዕድሯ መዝገብ ጀምሩ። የክርስትና ስምና የዓለም ስም እንዳይደባለቅባችሁ፤ ዕድር በዓለም ስሟ፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሟ ያውቋታል።

በዚህ በኩል የጣሊያን ዘር ያለባቸው ቤተሰቦች አንድ ነገር ቢያውቁ ይጠቅማል። በ1929 የወጣው የጣሊያን ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በእስር እየቀጣ ከለከለ፤ በ1932 የወጣው ደግሞ አባት ከእንዲህ ያለ ግንኙነት የተወለደ ልጁን እንዳይቀበል አገደ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ በእናቱ አባት ወይም በክርስትና አባቱ ስም ቢጠራ ወዲያው «አባቱ ክዶታል» ብላችሁ አትጻፉ። ክዶትም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ብቻውን ያንን አይመሰክርም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ደርግ ወረሰን» ነው። ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ይሸፍናል፤ ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ታሪኩ ይበላሻል። የመጀመሪያው ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሰውየው ንግዱን ሳያጣ ሱቁ የሚገኝበትን ቤት ብቻ ያጣ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤቱ ተከራይ ነው። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ስለሄደ የኪራይ ደረሰኙ የትኛው ቢሮ እንደምትሄዱ ይጠቁማችኋል። ሁለተኛው በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ነው፤ ለግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ አስቀመጠ፤ ለችርቻሮ 200,000፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። በዚህ የተነሣ ንግዱን የከፈለ ወይም ያሳነሰ ሰው አልተወረሰም፤ ግን ጠበበ። ሦስተኛው ባለቤቱ አገር ጥሎ ሄዶ ንብረቱ ባለቤት አልባ ሲሆን ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የደረሰኞቹ ሰንሰለት ነው፦ ከ1968 በኋላ የንግድ ግብር ደረሰኝ ካለ ንግዱ ቀጥሏል፤ የኪራይ ደረሰኝ ከተጨመረበት ቤቱ ሄዷል።

ቢሮ ስትሄዱ

ማዘጋጃ ቤት፣ ገቢዎች፣ ንግድ ቢሮ፣ ቀበሌና ፍርድ ቤት ፋይል ይኖራቸዋል። ይዛችሁ የምትሄዱት መታወቂያ፣ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ እና ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማመልከቻ ነው። «የአያቴን ታሪክ ለመጻፍ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ በዚያ ምን እንደሚፈልግላችሁ አያውቅም። «ከ1945 እስከ 1967 ድረስ በእገሊት ስም የተመዘገበው ቤት የቦታ ደብተር ቅጂ» በሉ። ስምና ዓመት ያለው ጥያቄ መልስ አለው። የቀበሌ ቁጥሮች እየተዋሐዱ ብዙ ጊዜ ስለተለወጡ የዛሬው ቁጥር የድሮውን ፋይል አያወጣውም፤ ከአሮጌ የኪራይ ወይም የውኃ ደረሰኝ ላይ የድሮውን ቀበሌና የቤት ቁጥር ገልብጡና ሁለቱንም ጻፉ።

ጎንደር ያልተገኘው አዲስ አበባ ሊገኝ ይችላል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የድሮ ጋዜጦችን ይዟል፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ። የንግድ ሽርክና ሲመሠረትም ሲፈርስም፣ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥም ማስታወቂያ ይወጣ ስለነበር ዓመቱን አጥብባችሁ ከሄዳችሁ ድካሙ አይከፋም።

ብረት ይናገራል

ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ዳቦ ቤት ከሆነ ማሽኑን እንደ ሰነድ አንብቡት። ቶርኖው፣ ሞርሳው፣ ፎርኖው፣ ሞተሩ ላይ የፋብሪካ ሰሌዳ አለ፤ የሞዴልና የተከታታይ ቁጥሩ የተሠራበትን ዓመት ያወጣል። ሰሌዳው ከደበዘዘ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ነጭ ጠመኔ ቀብታችሁ በጨርቅ ላዩን ብቻ ስትጠርጉ ጠመኔው ጎድጓዳው ፊደል ውስጥ ይቀራል። ከዚያ የእጅ ባትሪ በጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሡ። የማሽኑ ዓመት ግን የንግዱ ዓመት አይደለም። ጣሊያን በ1934 ኅዳር ላይ ጎንደርን ሲያስረክብ ብዙ ዕቃ ቀርቷል፤ ያገለገለ ማሽን ደግሞ ከእጅ እጅ ይዞራል።

የሠራተኞቹ ቋንቋም ማስረጃ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ የሚሉት ቃላት የተሰራጩ ስለሆኑ ብቻቸውን ምንም አይመሰክሩም። በዚያ ጋራዥ ብቻ የሚነገር፣ ሌላ ጋራዥ የማያውቀው ቃል ካለ ግን መሥራቹ አፍ ውስጥ የነበረ ነው፤ ጻፉት።

ሰው ሲጠየቅ

ከቤተሰቡ በፊት የድሮውን ሠራተኛ ፈልጉ፤ ተላላኪ የነበረ ልጅ፣ ሻጭ፣ የመኪና ረዳት። ልጆች አባታቸውን ያውቃሉ፤ ሱቁን የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። ዕቃው በሊማሊሞ ከአሥመራ፣ በመተማ ከሱዳን ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣ እንደነበር፣ የትኛው ክረምት መንገድ ተዘግቶ ስኳር እንደጠፋ፣ ማን ዱቤ እንደተከለከለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«መቼ ተከፈተ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዓመተ ምሕረት ከጠየቃችሁ ክብ ቁጥር ይሰጣችኋል። «ጣሊያን ሲወጣ ሱቁ ነበር?»፣ «አዋጁ የታወጀ ሰሞን ባንኮኒው ላይ ማን ነበር?»፣ «በ83 ኢሕአዴግ ሲገባ ተዘግቶ ነበር?» በሉ። ከዚያ ወረቀት አቅርቡና ሱቁን ያስቀምጡላችሁ፤ በሩ የት ነበር፣ ሚዛኑ፣ የላምባው በርሜል፣ ካዝናው፣ አልጋው። መሳል ለሚያስቸግራቸው እናት ሲኒ ይበቃል፦ «ይቺ ሲኒ ባንኮኒው ናት እንበል፣ እማማ፤ እርስዎ የት ይቀመጡ ነበር?» እጃቸው ሲኒውን ሲገፋ ትዝታው ይከተላል፤ ለብዙ ዓመት ያልተነሣ ጓዳ፣ ጓዳው ውስጥ ያደረ እንግዳ፣ እንግዳው ያመጣው ዕቃ ይወጣል።

ቡና ይፈላ፤ ግን ሲወቀጥና ረከቦቱ ሲንኳኳ አትቅረጹ። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ስልኩን ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል፣ ከጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡ፤ ጠረጴዛ እያንዳንዱን ንኪ ያጎላል። የበረራ ሞዱን አብሩ፤ ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልክ ቅጂውን ያቋርጣል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አትያዟቸው። ቅጂውን ስትጀምሩ ስማቸውንና ቀኑን ተናገሩ፣ መቀረጻቸውን እንደፈቀዱም በድምፃቸው ይግቡ።

ሁለት ሰው ሁለት ነገር ቢናገር አታስታርቁ። ታላቅየው «ከየመን በዓሰብ ገባ» ካለ፣ ታናሽየው «በምጽዋ» ካለ ሁለቱንም ከነተናጋሪዎቹ አስቀምጡ። የገንዘብና የባዕድ አገር ቤተሰብ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን አይነሣም። ባሕር ማዶ የቀረች ሚስት ወይም ልጅ የሌለበት የስደተኛ ታሪክ ጥቂት ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ቴፑን አጥፉ ካሏችሁ አጥፉ።

የትውልድ አገሩን ለመከተል የመንደሩ ስም ያስፈልጋል፤ «የመን» ወይም «ጣሊያን» አይበቃም። ለጣሊያናዊ የተወለደበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት በሙሉ ስምና በልደት ቀን ሲጠየቅ የልደት ቅጂ ይሰጣል፤ ወታደር ሆኖ የመጣ ከሆነ የውትድርና መዝገቡ በአውራጃው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይፈለጋል። ለየመናዊ የዓደን ሰው ከሆነ እስከ 1967 እንደ ፈረንጅ ድረስ ቦታው በእንግሊዝ እጅ ስለነበር የጉዞ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ከሰሜኑ ከሆነ ግን ወረቀቱ የኢማሙ መንግሥት ነው፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ የጋብቻ ውሉንና የጎሣ መጠሪያውን ያዙ።

ሲጻፍ

ሠላሳ ገጽ ይበቃል። የሰበሰባችሁትን ሁሉ አታስገቡ። አጻጻፉ እንዴት እንደሚለይ በተፈጠረ ምሳሌ እናሳይ። እንዲህ አትጻፉ፦ «አያታችን በ1930ዎቹ ባዶ እጁን ጎንደር ገብቶ በታታሪነቱ ስመ ጥር ነጋዴ ሆነ።» እንዲህ ጻፉ፦

«የመጀመሪያው የዱቤ ደብተር የሚጀምረው ጥር 1939 ነው። አንደኛው ገጽ ላይ 11 ባለዕዳ አለ፤ ዘጠኙ የወሰዱት አቡጀዲ ነው። ስኳር ብቅ የሚለው ገጽ 30 ላይ ነው። ደብተሩ የሁለት እጅ ጽሑፍ አለበት፤ ቁጥሩ በአረብኛ አኃዝ፣ ስሙ በአማርኛ። አማርኛውን የጻፈችው ሚስቱ እንደሆነች ሁለቱ ልጆቿ ይናገራሉ።»

ሁለተኛው ማንንም አያሞግስም፤ ግን አንባቢው ሱቁ ውስጥ ገብቷል፣ ማን ከማን ጋር እንደሠራም አይቷል።

የባለዕዳዎችን ስም አታትሙ። ቅዳሜ ገበያ ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ታገኟቸዋላችሁ። «አንዲት ጠላ ነጋዴ»፣ «አንድ የመኪና ረዳት» በቂ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሚያርፍ ነገር ከመታተሙ በፊት ለሰውየው ይነበብለት።

ረቂቁ ሲያልቅ ለጥቂት ዘመዶች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በዓል ቀን ሳይሆን በተራ እሑድ። በዓል ላይ ሁሉም ይስማማል፤ በተራ ቀን ነው «ኧረ ይሄ እንዲህ አልነበረም» የሚል የሚገኘው። ከዚያ ሦስት ቅጂ አሳትሙ፦ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለወመዘክር። ሃርድ ዲስኩ ከዋናው ሳጥን ጋር በአንድ ቤት አይደር። በቤት በሚቀረው ቅጂ መጨረሻ ላይ አምስት ባዶ ገጽ አስጠርዙ፣ እርሳሱንም በክር እሰሩበት፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ አክስት አይጠፋም።